ጀማነሽ ደግ የሆነችበት ቀን

የጀማነሽን ምላስ ካዛንቺስ ያውቀዋል። ጤፍ ይቆላል። አንድ የራጅና የአልትራሳውንድ ማዕከል እንግዳ መቀበያ ላይ ተቀምጣ፣ ባለሥልጣን ይምጣ የጋራዥ ሠራተኛ፣ ሁሉም ላይ እኩል ትጮሃለች። «ውሃ ጠጡ ተብሏል እኮ! ሽንት ቤት የሄደ እንደገና ይጀምራል!» መቼም እውነቱ ይነገርና፣ አድልዎ አታውቅም።

ጣጣው የመጣው ሰው ጎግል ላይ ኮከብ መስጠት የተማረ ጊዜ ነው። የማዕከሉ ባለቤት ዶክተር ሃድጉ አዲስ ማሽን አስመጥቷል፤ ምስሉ ጥርት ያለ፣ ውጤቱ በሰዓቱ። ታዲያ ማን ስለሱ ጻፈ? ታካሚ የጉበቱን ፎቶ ማንበብ አይችልም፤ የገላመጠችውን ሴት ግን አሳምሮ ያነባል። «ማሽኑ አንደኛ፣ ሴትዮዋ ጦር። አንድ ኮከብ።» ሃድጉ ይህን በየጠዋቱ እንደ ዳዊት እየደገመ ቆሽቱ ያር ነበር።

«ስሚኝ ጀማነሽ፣» አላት አንድ ቀን፣ «ከእንግዲህ ስላንቺ አንድ ክፉ ነገር ቢጻፍ፣ በቃ፣ ሌላ ሥራ ፈልጊ።» ጀማነሽ ልጇን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። ፈራች፤ ከልቧ ፈራች።

በማግስቱ አቶ ገብረጻድቃን ለሆድ አልትራሳውንድ መጡ። ቡልጋሪያ ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ አምና ለደረት ራጅ መጥተው ጀማነሽ አበሻቅጣቸዋለች። አሁን ግን ብድግ ብላ ወንበር ሳበችላቸው። «አባቴ፣ ይቀመጡ። አይዞዎት። ውሃውን ቀስ እያሉ ይጠጡ፤ ሁሉም ለበጎ ነው።» ሽማግሌው ለሌላ ሰው መስሏቸው ዞር ብለው አዩ። ማንም የለም። ቀጥላ ደግሞ፣ ኮታቸውን የሚይዝላቸው ሰው ካለ ብላ፣ በለሰለሰ ድምፅ «ከቤተሰብ አብሮዎት የመጣ አለ?» አለቻቸው።

ወይ ጉድ! ይህ አገር እኮ ለታመመ ሰው የሕመሙን ክፋት የማይነግር አገር ነው። ክፉው ለዘመድ ይነገራል፤ ለሕመምተኛው የሚተርፈው ደግነት ብቻ ነው። ያቺ ነብር «አባቴ» ካለች ነገሩ አልቋል ማለት ነው። አቶ ገብረጻድቃን አመዳቸው ቡን አለ። ስልካቸውን አውጥተው ለልጃቸው ለፍሬሰላም ደወሉ። «ቶሎ ነይ። የንስሐ አባቴንም ይዘሽ ነይ።»

ፍሬሰላም ቄሱን አስከትላ እያለቀሰች ገባች። ኮሪደሩ ለቅሶ ቤት ሆነ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ምኑንም ሳያውቁ ከንፈር መጠጡ።

ጀማነሽ ዝም ልትል ሞከረች። ሥራዋንም ልጇንም አሰበች። አልሆነላትም።

«እንዴ! ማን ሞተ? ገና መቼ ታዩና ነው! አባ፣ መስቀልዎን ይሰብስቡልኝ! አንቺ ደግሞ ልቅሶሽን ወደ ውጭ! አቶ ገብረጻድቃን፣ ሙሽራ ነዎት እንዴ የምለማመጥዎት? ውሃዎን ይጠጡ!»

የሽማግሌው ፊት በራ። ውሃውን ጭልጥ አደረጉት። ምርመራው ያሳየው ትንሽ የሐሞት ጠጠር ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሃድጉ ስልኩን ይዞ ቢሮው ጠራት። አለቀልኝ አለች በልቧ። እሱ ጮክ ብሎ አነበበላት፦

«ማሽኑን አላውቅም። ሴትዮዋ ስትቆጣኝ ግን እንደማልሞት ገባኝ፤ እግዜር ይስጣት። አራት ኮከብ። አንዱን የቀነስኩት መጀመሪያ ላይ በደግነቷ ልትገድለኝ ስለነበር ነው።»