የሃያ ደቂቃ ስህተት

ዳንግላ ለማስተማር በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠይቀኝ ተነሣች። ከአዘና በኩል መጥታ፣ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትኖረው አክስቴ ዘንድ አረፈችና «እሁድ መጥተህ ውሰደኝ» ብላ ላከችብኝ። እኔም መምህራን ጓደኞቼን በሙሉ ለምሳ ጠራሁ።

«በስንት ሰዓት እንምጣ?» አሉኝ ርእሰ መምህሩ።

«ልክ ስድስት ሰዓት ላይ እናቴን ይዤ ከተፍ እላለሁ።»

እንዲህ ያስደፈረኝ የሒሳብ አስተማሪነቴ ነው። የአክስቴ ቤት አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል። የጎረቤቴ የጋሪ ፈረስ ባዶውን በሰዓት አሥራ ሁለት፣ ጭነት ይዞ ስድስት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ፣ የመንገዱን የኪሎ ሜትር ድንጋዮች እየቆጠርኩ በሰዓቴ ለክቼዋለሁ። አሥራ ሁለትና ስድስት ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል ዘጠኝ። የደርሶ መልሱ ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ለዘጠኝ ሲካፈል ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ለመጫኛ ሃያ ደቂቃ ብጨምርበት ሦስት ሰዓት ሞላ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ብንነሣ ስድስት ላይ እንገባለን። ይህንኑ ስሌት ክፍል ውስጥም ለተማሪዎቼ ሠርቼላቸዋለሁ።

እሁድ ጠዋት ይህን ለባለጋሪው ጎረቤቴ ስነግራቸው ሳቁብኝ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ነበሩ።

«ስድስት ከሃያ በል፣ መምህር።»

«ምነው ጋሼ፣ ሒሳብ እኮ ነው!»

«እንግዲህ እናያለን» ብለው ፈረሱን ለቀቁት።

ሲበር ሄዶ ልክ በአራት ሰዓት አደረሰን። እናቴ በር ላይ ቆማ ኖሮ፣ ገና ከጋሪው ሳልወርድ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አንድ ገንቦ ማር፣ አንድ ጆንያ ገብስና እግሩ የታሰረ ሙክት ጭነን አራት ከሃያ ላይ ተነሣን።

«ቀስ! ማሩ ይፈሳል!» ትላለች እናቴ በየዳገቱ። ደግሞ ፈረሱን በአገውኛ ታባብለዋለች፤ እሱም ጆሮውን ወደ እሷ ያዞራል።

«ከኔ ይልቅ እርስዎን ይሰማል» አሏት ባለጋሪው።

ስድስት ሰዓት ሲሞላ ገና ሁለት ድንጋይ ይቀረን ነበር። ሰዓቴን ደጋግሜ አየሁ።

«አትድከም» አሉኝ ባለጋሪው። «ስንሄድ አንዱን ድንጋይ በአምስት ደቂቃ አለፍነው፤ ስንመለስ በአሥር። የሮጥነው አንድ ሰዓት ነው፤ ያዘገምነው ሁለት ሰዓት። እንዴት አድርገህ እኩል ታደርጋቸዋለህ?»

በልቤ እንደገና አሰላሁት። መንገዱ እኩል ነው፣ ጊዜው ግን እኩል አይደለም። ሃያ አራት ኪሎ ሜትር በሦስት ሰዓት፤ አማካዩ ስምንት እንጂ ዘጠኝ አልነበረም። ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሃል ልጄ?»

«ተማሪዎቼን ሁሉ ዘጠኝ ነው ብያቸዋለሁ፣ እማዬ!»

«ታዲያ ነገ ስምንት ነው በላቸዋ!»

ስንደርስ እንግዶቹ ደጅ ወጥተው በጭብጨባ ተቀበሉን። ርእሰ መምህሩ የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው «ስድስት ከሃያ!» ብለው ጮኹ። ባለጋሪው በሳቅ ብዛት ከጋሪው መውረድ አቃታቸው። ምሳ ላይ ከእናቴ ጎን ተቀምጠው ነገሩን ለመምህራኑ ሁሉ አንድ በአንድ አስረዱ፤ እናቴም ላመነውም ላላመነውም ማር ታዞር ነበር።

ሰኞ ክፍል ገብቼ «ባለፈው ያስተማርኳችሁ ስህተት ነው» ስላቸው ተማሪዎቼ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።