«አልጋ ይዤላታለሁ»

ለነፍሰ ጡር ሚስት የከተማ ሽርሽር ማቀድ ከወንበር ይጀምራል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚታየውን ነገር ይመርጥና መቀመጫ የሚፈልገው ኋላ ሲደክመው ነው። አንድ የሊፍት ጠጋኝ ግን ገልብጦ ሠራው፤ አሠራሩን ሳስበው ደስ ይለኛል። ሚስቱ ሳትቸገር የምትቀመጥባቸውን ቦታዎች ለየ፤ ከዚያ በየአጠገባቸው መጸዳጃ ቤት መኖሩን አጣራ። ምን እንይ የሚለው የመጣው በመጨረሻ ነው።

ሆቴሉንም የመረጠው በሙያው ነው። ደውሎ ስለ ቁርስ አልጠየቀም። «ሊፍታችሁ ሲቆም ከወለሉ ጋር እኩል ነው ወይስ ከፍ ይላል?» አላት እንግዳ ተቀባይዋን። ልጅቷ ሄዳ አይታ መጣች። ጥያቄው ቅብጠት አይደለም፤ ሆዷ የገፋ ሴት የምትረግጠውን አታይም፣ የምታደናቅፋትም ትንሿ ከፍታ ናት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። አዋላጇ ከዚህ ወር ወዲያ መንገድ እንደማትፈቅድላት ነግራታለች። ቀጥሎ እናቷ ሊያግዟት ይመጣሉ፣ ጠያቂውም ይከተላል፤ ባለ አንድ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ለሁለት ብቻ የሚወራ ነገር አይኖርም። «የምነግርህ ነገር አለ፤ እዚህ ግን አይደለም» ብላዋለች። ጉዞው የታሰበው ለዚህ ነው።

ሐሙስ ዕለት አማቱ ደወሉ። እሱ እጁ በግሪስ ተጨማልቆ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ነበር።

«ልጄ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት እማማ። ለቅዳሜና እሁድ አልጋ ይዤላታለሁ።»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሶ ሲደውል ስልካቸው ዝግ ነው፤ ባትሪ ጨርሰው ይሆናል ብሎ ተወው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሆቴል የሚያድር ሰው አልጋ ይይዛል፤ ሆስፒታል የሚገባም አልጋ ይይዛል። አማቱ ደግሞ በሕይወታቸው ሆቴል አድረው አያውቁም። የትኛውን እንደሰሙ መገመት አይከብድም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ከነሻንጣቸው ደጁ ላይ ተገኙ። ልጃቸው ቆማ ልብስ ትተኩሳለች።

«አልጋ ይዛለች አልተባለም እንዴ?» አሉ እያለከለኩ።

«የሆቴል ነው እኮ እማዬ!»

ወደ አማቻቸው ዞሩ። «አንተ ሰውዬ፣ በቁሜ ልትገድለኝ ነው? መንገዱን ሙሉ ሳለቅስ ሹፌሩ አዝኖ ሙዚቃውን ዘጋልኝ!»

ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ባልየው ግን አልሳቀም፤ ስልኩን አነሳ። «በቃ እሰርዘዋለሁ። እማማን ጥለን የት እንሄዳለን?»

ሳቋ ቆመ። «ስልኩን አስቀምጠው» አለችው። ቀስ ብላ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ስወልድ እስክሰለችሽ ድረስ አብረን ነን። እነዚህን ሁለት ቀኖች ግን ለእኛ ተዪልን።»

«እና እኔ እዚህ ግድግዳ ልጠብቅ?»

«እረፊበት። መንገድ አድክሞሻል።»

«እቀየምሻለሁ።»

«ተቀየሚኝ።»

ሻንጣቸውን ጥግ አስያዙ። ቆይተው «እሁድ ማታ ስትመለሱ ይበርድልኛል» አሉና አማቻቸው ላይ አፈጠጡ። «ለመሆኑ የት የት ልታዞራት ነው?»

ከወንበር ወንበር እየዘለለ አስረዳቸው፤ ሲያስረዳ ፊቱ በራ። ከምሳ በኋላ ሙዚየም ሲላቸው አቋረጡት።

«እግሯ ማበጡን አላየህም? ከምሳ በኋላ ትተኛ!»

ወንበር ሁሉ ሲቆጥር የከረመው ሰውዬ እንቅልፍን አላሰበውም፤ የተቀመጠ ሁሉ ያረፈ መስሎት ነበር። ሙዚየሙ ቀረ።

ቅዳሜ ሚስቱ ከምሳ በኋላ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች። ስትነሳ ወንዝ ዳር ያለ መናፈሻ ገብተው መደገፊያ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ብዙ ሰው አለፈ አገደመ።

«ምጡን እፈራለሁ» አለችው። «ለእማዬ ብነግራት ከኔ ብሳ ትፈራለች።»

ሊፍት ተበላሸ ሲሉት ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። አሁን ግን ጥያቄውን ትቶ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«እኔም እፈራለሁ» አላት።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ?»

«ልጁን ሲያሳቅፉኝ እንዳልጥለው።»

«ውይ፣ በል ጫማዬን አውልቅልኝ» አለችው። እግሯን ጭኑ ላይ ዘርግታ የቀረውን ሁሉ ነገረችው።