በሸክላው ሥር የነበረው

ጋሼ ዕቁባይ ጦሙን ያደረ መሬት ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ዕድሜያቸውን የፈጁት ተንቤን ውስጥ የግብርና ሠራተኛ ሆነው ነው፤ ገበሬውን አስተባብረው እርከን ሲያሠሩ፣ ችግኝ ሲያስተክሉ፣ ከተከለለው ተራራ ላይ ፍየል ሲያባርሩ። ባለቤታቸው ሲሞቱ ልጃቸው ለተብርሃን ወደ ሜልበርን፣ በከተማው ዳር ትሩጋኒና በሚባል ሰፈር ወደምትኖርበት ቤት አመጣቻቸው። ቤቱ አዲስ፣ መንገዱ አዲስ፣ ጎረቤቱም አዲስ ነበር። ከመጨረሻዎቹ ቤቶች ጀርባ ግን ድንጋይ የበዛበት፣ አንድ ዛፍ የሌለበት የሳር ሜዳ ተንጣሎ ቀርቷል።

«ይሄ ሁሉ መሬት ዝም ብሎ ነው የሚያድረው?» አሉ።

«አቦይ፣ እዚህ ሀገር መሬት ሁሉ ባለቤት አለው። ሳሩንም ፈቃድ ጠይቀው ነው የሚረግጡት» አለቻቸው ለተብርሃን።

«ዛፍ ተከልክ ብሎ የሚከስ ዳኛ ገና አልተወለደም።»

ለነዋሪው በነጻ ከሚታደለው ችግኝ ባሕር ዛፍ መርጠው ወሰዱ። በሀገራቸው «ውሃ ይጨርሳል» እየተባለ ስንት ስብሰባ የተጨቃጨቁበት ዛፍ ነው። «እዚህስ የበቀለበት አገሩ ነው፤ ማን ይናገረዋል!» ብለው ብቻቸውን ሳቁ። ጉድጓድ ቆፈሩ፤ እንደ ልማዳቸውም እርጥበቱ እንዳይሸሽ እያንዳንዱን ችግኝ በድንጋይ ከበቡት። ድንጋዩን ከሜዳው ለቀሙ። በአቅራቢያቸው ያለው ድንጋይ ሲያልቅ፣ ሳሩ ላይ በረድፍ የተነጠፉ የጣሪያ ሸክላዎች አገኙ። የግንባታ ትርፍራፊ መሰላቸው። ሰብስበው ለችግኞቹ አጥር አደረጓቸው።

ከአንዱ ሸክላ ሥር ቀጭን፣ ቡናማ፣ ጎኑ ላይ መስመር ያለው ነገር ተፈትልኮ ወጣ። ጋሼ ዕቁባይ አካፋቸውን ሰነዘሩ። ሲጥ አለ። ጅራቱ ተቆርጦ ለብቻው ሲንፈራገጥ፣ ደግመው መቱት። ጥቂት ቆይቶ ቁራ መጥቶ አካሉን አነሳው። ማታ ለልጃቸው «እባብ ገደልኩ» ሲሉ «እሰይ!» አለቻቸው።

በማግስቱ፣ አየሩ ገና ቀዝቀዝ እንዳለ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰች ወጣት ሜዳው መሐል ቆማ ወዲያና ወዲህ ስታይ አገኟት። ገጿ የሀገራቸውን ሰው ቢመስላቸው በአማርኛ ሰላም አሏት። እስከዳር ትባላለች፤ ለትምህርት መጥታ የቀረች የሥነ ሕይወት ባለሙያ ናት።

«ምን ጠፍቶሽ ነው ልጄ?»

«ሸክላዎቼ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ነሽ እንዴ ይሄን ሁሉ ቆሻሻ የጣልሽው? እኔ እኮ ስላጸዳሁልሽ ምርቃት እጠብቃለሁ!»

እስከዳር ሳቀች፤ ከዚያ በሸክላ የተከበቡትን ችግኞች አየችና ሳቋን ተወችው። ሰውዬው ሽማግሌ ስለሆኑ፣ ደግሞም ስላልገባቸው ነገር መጠየቅ ስለማይታክታቸው፣ ቁጭ ብላ ከሥሩ ጀምራ አስረዳቻቸው።

ሸክላው ወጥመድ አይደለም፤ ቤት ነው። የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ከሳሩ ቀድሞ ይሞቃል። በሳሩ ሥርና በአፈሩ ስንጥቅ የሚኖር አንድ እግር አልባ እንሽላሊት ሰውነቱን ሊያሞቅ ከሥሩ ይገባል። አጥኚው በቀዝቃዛ ጠዋት ቀስ ብሎ ሸክላውን ያነሳል፣ ፎቶ ያነሳል፣ መልሶ ይከድናል። እንዲህ ያለው የሳር ሜዳ ድሮ ከከተማው ምዕራብ የሚጀምረውን ሜዳማ አገር ሁሉ ሸፍኖት ነበር፤ አሁን የቀረው ቁራጭ ቁራጭ ነው። እንሽላሊቱ አስፋልት ተሻግሮ ሌላ ሜዳ አይፈልግም። ያለበት ቁራጭ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ እሱ ፌንጣውንና አባጨጓሬውን ይበላል፣ እሱን ደግሞ ጭልፊቱ ይበላዋል፤ አንዱ ሲመዘዝ ሌላው ይላላል።

«ይሄ ቦታ ቤት ሊሠራበት ነው» አለች። «በዚህ ወቅት አንድ እንሽላሊት እንኳ ካገኘሁ ይህ ጥግ ታጥሮ ይቀራል። ካላገኘሁ ግሬደር ይገባል።»

«ምን ይመስላል?»

ፊቷ በራ። «እባብ ይመስላል፤ ግን አይደለም! የጆሮ ቀዳዳ አለው። ምላሱ ጠፍጣፋ ነው፤ የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን በምላሱ ይጠርጋል። ጅራቱ ከሰውነቱ ይረዝማል፤ ጠላት ሲመጣበት ጥሎለት ያመልጣል። ደግሞ ሲይዙት ሲጥ ይላል፤ እባብ ሲጥ ሲል ሰምተው ያውቃሉ?»

ጋሼ ዕቁባይ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ትናንት።»

አካፋው ያረፈበትን ቦታ በጉልበታቸው ተንበርክከው ፈለጉ። የጅራቱን ቁራጭ እንኳ ጉንዳን ወስዶታል።

«እኔ ልመስክር። መስቀል ይዤ እምላለሁ።»

«መሐላ አይቀበሉም፣ ጋሼ። ፎቶ ወይም አካሉ ነው የሚፈለገው።» አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር።

«ችግኞቹስ?»

ወደ ችግኞቹ እያየች፣ ዛፍ ጥላ ሲጥል ይህ ሳር እንደሚሞት፣ ቅርንጫፉም ለአዳኝ ወፍ መቀመጫ እንደሚሆን ነገረቻቸው።

«የተራቆተ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«የለበሰ ነበር።»

ይህን ከማንም በላይ ሊያውቁ የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ። ተንቤን ላይ ለገበሬው ሲደጋግሙት የኖሩት ቃል ይኸው ነው፦ መሬት ልብሱን ሲገፍፉት ይሞታል። ልብስ ሁሉ ዛፍ እንዳልሆነ ግን ማንም ነግሯቸው አያውቅም፤ እሳቸውም ጠይቀው አያውቁም። ያን ቀን ችግኞቹን በእጃቸው ነቀሉ። ጉድጓዱን ደፈኑ፤ አፈሩ እርጥብ ሲሆን የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ መረሬ ነበር፣ እንደሚያውቁት። ድንጋዩን ወደ ሜዳው፣ ሸክላውን እስከዳር ወዳሳየቻቸው ቦታ መለሱ።

«አንዴ የተረበሸ ቦታ እንሽላሊቱ መልሶ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል» አለቻቸው። ጊዜው ግን ጥቂት ነበር፤ በጋው ሲበረታ ሸክላው እሳት ይሆናል፣ ያኔ ማንም አይጠጋውም።

ከዚያ በኋላ እስከዳር በመጣች ቁጥር ጋሼ ዕቁባይ ቀድመዋት ይደርሳሉ። ሳሩን ሳይረግጡ መራመድ፣ ሸክላውን ከራሳቸው በተቃራኒ በኩል ማንሳት፣ ትንፋሽ መያዝ ተማሩ። በጠዋት እየወጡ የት እንደሚሄዱ ለተብርሃን ስትጠይቃቸው «ይቅርታ ልጠይቅ» ይላሉ፤ እሷ ቤተ ክርስቲያን ይመስላታል። ሸረሪት አገኙ፤ ክሪኬት አገኙ። አንድ ጊዜ ቀጭን ነገር አይተው ልባቸው ዘለለ፤ የደረቀ ሥር ነበር። እስከዳር እጇን ትከሻቸው ላይ አሳረፈች።

የፍለጋው የመጨረሻ ጠዋት ከወትሮው ሞቅ ያለ ነበር። ረድፉን ጨርሰው አንድ ሸክላ ቀረ።

«እርስዎ ያንሱት» አለች እስከዳር፣ ካሜራዋን አዘጋጅታ።

ጋሼ ዕቁባይ ተንበረከኩ። ጠርዙን ይዘው ቀስ አድርገው ቀና አደረጉት። ከሥሩ ገርጥቶ የተኛ ሳርና አፈሩ ላይ የተሰመረ ስንጥቅ ብቻ ነበር። ስንጥቁን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። እስከዳር ካሜራዋን ዝቅ አደረገች።

እሳቸው ግን ሸክላውን አልጣሉትም። አንድ የሚተነፍስ ነገር ከሥሩ እንደተኛ ሁሉ፣ እንዳይጫነው ተጠንቅቀው ከደኑት።