የፈንታ ያላለቁ ወታደሮች

አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ከፈንታ ጋር አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ እሱ የምናገረው ክፉ ነገር የለኝም ልል ነበር፤ ግን አለኝ። ደግሞ ከእኔ በፊት የተናገረው እሱ ራሱ ነው።

ፈንታ የወሎ ሰው ነው፤ ብየዳ የሚችል፣ እጁ የተባረከ፣ ሥራ መጀመር እንጂ መጨረስ የማያውቅ። ፈረንሳዩ አለቃችን አብዮቱ ሲመጣ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ አንድ የእንጨት ሳጥን ትቶለት ነበር። ሳጥኑ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህሉ የእርሳስ ወታደሮች ቀልጠው የሚፈሱባቸው የብረት ቅርጾችና የጨዋታውን ደንብ የሚያስረዳ ቀጭን መጽሐፍ ነበሩ። መጽሐፉ በፈረንሳይኛ ስለሆነ ፈንታ ደንቡን ከራሱ አወጣ። ጠረጴዛ ላይ አሸዋ አነጠፈና በመሀሉ ሰማያዊ ጨርቅ አጋድሞ አዋሽ ነው አለ። እግረኛ በአንድ ዙር አንድ ስንዝር ይሄዳል፤ ፈረሰኛ ሁለት። ወንዝ የሚሻገር አንድ ዙር ይቆማል። ማን እንደሞተ ሳንቲም ተወርውሮ ይለያል።

እርሳሱን የሚያገኘው ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ነበር፤ ቀለሙን ደግሞ ከፉርጎ ቀለም ትራፊ። ስለዚህ ሠራዊቱ በሙሉ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ይመስል ነበር። ችግሩ አንዱን ጭፍራ ሳይጨርስ ሌላውን መጀመሩ ነው። አልጋው ሥር በሳሙና ካርቶን ከተደረደሩት አንዱ ጭንቅላት የለው፣ ሌላው በግማሽ ጎኑ ብቻ ተቀብቷል። ሚስቱ ስንቅነሽ "የሠርጋችንም ቅልቅል እስከ ዛሬ አልተጠራም" እያለች ታሾፍበት ነበር።

ሁነኛ ተፋላሚው የጎረቤታችን የዘይቱና ልጅ ናስር ነው። ዘይቱና ከደሴ መጥታ ጣቢያው በር ላይ ሻይ ቤት የከፈተች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያሏት ናስርና ትንሿ ሐቢባ ብቻ ነበሩ። ናስር ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ሲቆም ቀኝ ትከሻውን ወደ ታች ይጥላል። በሌላ ነገር ቀልደኛ ነው፤ ጠረጴዛው ፊት ግን ምራቁን የዋጠ ጄኔራል። ፈንታን ዘጠኝ ጊዜ ተከታትሎ አሸንፎታል።

በ1980 ዓ.ም. ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጎረምሳ እየያዘ ወደ ጦር ሜዳ የሚጭነው አፈሳ ተጀመረ። በእኛ ከተማ አፈሳ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። ወሬው ከጣቢያው ወገን ይሰማል፤ ጎረምሳ ሁሉ ከከተማው ጀርባ ወዳለው የአዋሽ ገደል ይወርድና መኪናው እስኪሄድ ቋጥኝ ሥር ይቀመጣል። ዘይቱና ወሬውን እንደሰማች ሐቢባን ላከቻት። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ሮጣ ፈንታ ቤት ገባች።

"ናስር፣ አፈሳ ነው! እማ ቶሎ ውረድ ብላለች!"

ናስር ተነሣ። ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈንታ እያሸነፈ ነበር። ፈረሰኞቹ ወንዙን ተሻግረው የናስርን መድፍ ሊይዙ ሁለት ዙር ቀርቷቸዋል።

"ቁጭ በል! ጣቢያው ሩቅ ነው" አለው። "ስትሸነፍ ነው እንዴ አፈሳ የሚመጣብህ? ይቺን ሳንጨርስ የትም አትሄድም።" ወደ ሐቢባም ዞሮ፣ "መጣ በያት፤ አንቺ ሂጂ" አላት።

ናስር ሣቀና ተቀመጠ። ጎረምሳ ፈሪ ከሚባል ቢሞት ይመርጣል። በሕይወቱ አንድ ነገር ጨርሶ የማያውቀው ሰው ያንን ጨዋታ ሊጨርስ ቆረጠ። ሁለተኛው ዙር ላይ የቀበሌ ታጣቂዎች በሩን ገፍተው ገቡ።

በማግስቱ ዘይቱና መጣች። "ፈንታዬ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሐቢባ የደረሰችው ታጣቂዎቹ ሳይመጡ ነው ወይስ ከመጡ በኋላ? እሷ ቀድሜ ደርሻለሁ ትላለች። ቀድማ ብትደርስማ ልጄ ይወርድ ነበር፤ አንተም ታወርደው ነበር።"

"እኔ እንጃ፤ አላስተዋልኩም" አለ ፈንታ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐቢባ መንገድ ላይ ስትጫወት ቆይታ ወንድሟን ያስበላች ልጅ ሆነች። ሻይ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር፣ ውሃ ቀድታ ስትዘገይ፣ "እንደለመድሽው ነው" ትባላለች። ፈንታ ይህን በጆሮው ይሰማል፤ ሻዩን ሳይጨርስ ይወጣል።

ዘይቱና ሌላም ነገር ለምናው ነበር። የናስር ፎቶግራፍ አልነበራትም። "በእርሳስህ አንድ አድርግልኝ" አለችው። "ሱራ፣ የሰው ምስል፣ መሥራት ሐራም ነው ይላሉ፤ ፊቱን ተወው፣ ዓይንም አታውጣለት። አቋሙን ብቻ፤ ያቺን ትከሻውን።"

"እሺ፤ ግን የተጀመረ ብዙ አለ። በተራው ይደርሳል" አላት።

ከዚያ ወዲያ ፈንታ ጎበዝ ሠራተኛ ሆነ። ጠረጴዛውን አፍርሶ፣ ካርቶኖቹን ከአልጋ ሥር አውጥቶ፣ ከጋራዥ እንደተመለሰ በራፉ ላይ ይቀመጣል። ራስ ለሌለው ራስ ያወጣለታል፤ በግማሽ የተቀባውን ይሞላል። እኛም ሰውዬው ልብ ገዛ ብለን አደነቅነው፤ ሳስበው አሁንም አፍራለሁ። የናስር ደብዳቤ ሲመጣ ይሠራል፤ ከምጽዋ ውጊያ በኋላ ደብዳቤው ሲቀርም ይሠራል። አንዱ ካርቶን ሲያልቅ የተረሳ ሌላ ፈልጎ ያገኛል። ያለቁትንም የልብሳቸው ቁልፍ ጎድሏል ብሎ እንደገና ይጀምራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው የናስር ተራ እንዳይደርስ ነበር።

በ1983 ጥቅምት ላይ ካርቶኑ አለቀ። ስንቅነሽ የመጨረሻውን ባዶ ካርቶን ለእሳት ማያያዣ ቀዳደደችውና "አሁንስ ምን ቀረህ?" አለችው። ያኔ የዚያን ቅዳሜ እውነት ለእሷ ነገራት፤ በማግስቱ ለእኔ ነገረኝ። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ንጹሕ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል" አለ። "እኔ ግን ይዤ አስበላሁት።"

ናስርን በአንድ ከሰዓት ሠራው። ሁለት ዓመት ተኩል የሸሸው ሥራ ያችው ነበረች። ትከሻው በትክክል ወጣ። በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሻይ ቤቱ ሲሄድ፣ ብቻዬን አልችለውም ስላለኝ አብሬው ሄድኩ።

ዘይቱና ተቀብላ ያቺን ትከሻ በአውራ ጣቷ ደባበሰቻት። ፈንታ ቁጭ በል ቢባል አልተቀመጠም።

"እትዬ ዘይቱና፣ ሐቢባ ቀድማ ነው የደረሰችው። ናስር ሊወርድ ተነሥቶ ነበር። ጨዋታዬን ልጨርስ ብዬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

ዘይቱና አልሰደበችውም፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ከዚያ ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ፣ "ሐቢባ" ብላ ተጣራች። ሐቢባ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ረዝማለች። ቀኝ ትከሻዋን ወደ ታች ጥላ ቆመች።

"ንገራት" አለችው ዘይቱና።

"የኔ ልጅ፣ ያን ቀን..." ብሎ ጀመረ ፈንታ።

"ለእኔ ምን ይነግሩኛል፣ ጋሽ ፈንታ?" አለች ሐቢባ። "እዚያው ነበርኩ እኮ።"

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ባዶ ብርጭቆ አንሥታ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ዘይቱና ምስሉን እኛ ፊት አስቀምጣ ተከትላት ገባች።