ባዶ ወረቀት ላይ የፈረምኩት

የቀበሌያችን ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም ግማሹን ረስቼው ነበር። ሊቀመንበር ያደረጉኝ ስለተማርኩ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ከሰው እኩል ድንጋይ ስለተሸከምኩና ስብሰባ ላይ ዝም ስለማልል ነው። ይህን የምጽፈው አንድ ነገር አልዋጥ ብሎኝ ነው። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምጽፍ፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

አንደኛ ክፍልን የምታስተምር አንዲት መምህርት ነበረችን። እንደሷ ያለ አስተማሪ በዕድሜዬ አላየሁም። ልጆቹን አንዱን ካንዱ ኋላ በረድፍ ታስቀምጣለች። የመጨረሻው ልጅ ከፊቱ ባለው ልጅ ጀርባ ላይ በጣቱ ፊደል ይጽፋል፤ ያም የተሰማውን ለሚቀጥለው ይጽፋል። እንዲህ እያለ ይሄድና የፊተኛው ተነስቶ ሰሌዳ ላይ ያወጣዋል። ከተሳሳተ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ ማን ጋ እንደተበላሸ ወደኋላ ይፈልጋሉ። በዚህ መላ ጥምቀት ሳይደርስ ልጆቹ ለእናቶቻቸው የሳሙና ልጣፍ ያነቡላቸው ነበር።

ኮሚቴ ነኝና ልቆጣጠር ብዬ ገባሁ፤ እዚያው ረድፉ ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ። አንድ ቀን ከኋላዬ ያለችው ልጅ፣ "ቲቸር፣ ጋቢያቸው ወፍራም ነው፣ አይሰማቸውም" ብላ ከሰሰችኝ። ጋቢዬን አወለቅሁ። እስከዚያ ድረስ የምፈርመው አውራ ጣቴን ቀለም እየነከርኩ ነበር። ስሜን መጻፍ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሦስተኛዋ ፊደል እምቢ ብላኝ እስካሁን ከሌሎቹ ትገዝፋለች።

አሁን ወደ ሱፐርቫይዘሩ ልምጣ። አምስት ትምህርት ቤት በሞተር እየዞረ የሚከታተል፣ እዚሁ ያደገ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ቤቱ ግን አሁን የወረዳችን ከተማ መካነ ሰላም ነው። ሚስቱን ሊጠይቁለት ወግዲ ድረስ ከሄዱት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሴት ልጁ ክርስትና ስትነሳም ቆሜ መርቄያለሁ። በመጣ ቁጥር ስለ አመራር ያስተምረን ነበር። ትምህርት የሚሻሻለው ወላጅ የኔ ነው ሲል ነው፣ መሪ ማለት ከመናገሩ በፊት የሚሰማ ነው ይለናል። አመንኩት። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሳይቀር ደግሜላታለሁ።

በኛ ዘንድ ስብሰባ ሲከፈት መጀመሪያ የሚዞረው የፊርማ ወረቀት ነው። ሰው ወደ ከብቱ ሳይበተን ይፈርማል፤ የተወሰነው ከላይ በተተወው ባዶ ቦታ ኋላ ይጻፋል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርግ፣ ክፋትም አላየንበትም። አንድ ቅዳሜ ሱፐርቫይዘሩ ስለ አጥር ብሎ ሰበሰበን። ወረቀቱ ዞረ፤ ሊቀመንበር ነኝና አንደኛ ፈረምኩ። "አብሽሩ አባባ፣ ቃለ ጉባኤውን እኔ አስተካክለዋለሁ" አለኝ። ከየቤቱ ድንጋይ እንዲወጣ ተስማምተን ተበተንን።

ሁለት ሳምንት አለፈና መምህርቷ ፍራሿን ጠቅልላ አይሱዙ ላይ ስታስጭን ደረስኩ። ወደ መካነ ሰላም ተዛውራለች። ምን ሆነሽ ነው ልላት ስጠጋ ፊቷን አዞረችብኝ። ገበያ ላይ ደግሞ እኩያዬ የሆነች ጎረቤቴ ምስሯን እየሰፈረች፣ "ሊቀመንበር፣ የልጆቻችንን ዓይን ለከተማ መረቅህላቸው አሉ" አለችኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ምኑም አልገባኝም።

መካነ ሰላም ወረድኩ፤ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገብቼ የመዝገብ ቤቷን ልጅ የመምህርቷን የዝውውር ፋይል አሳይኝ አልኳት። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ስለ አጥር አንድ ቃል የለበትም። መምህርቷ ወደ ከተማ ብትዛወር ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል ይላል። ከሥሩ ስሜ አለ፤ ሦስተኛዋ ፊደል ገዝፋ።

ሱፐርቫይዘሩን ግቢው ውስጥ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል አገኘሁት። አልካደኝም። የከተማው ትምህርት ቤት ተማሪው ብዙ ነው፣ አንደኛ ክፍሉ ማንበብ አቅቶት በግምገማ እየተነሳብን ነበር አለኝ።

"ለምን አልጠየቅኸንም?"

"ብጠይቃችሁ እሺ አትሉም ነበር፣ አባባ።"

"አንልም ነበር።"

"እሱ ነዋ።"

"ሚስትህን ስጠይቅልህ ፊርማ ያለኝ የለም። በቃሌ ነው የሰጡህ" አልኩት። ሞተሩን አስነሳ።

ከዚያ መምህርቷ ወደተዛወረችበት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ክፍሉ ሞልቷል፤ ልጆቹ በረድፍ ተቀምጠው አንዱ ባንዱ ጀርባ ላይ ይጽፋሉ። ከፊት የተቀመጠችውን ልጅ አወቅኋት፣ የመረቅኋት ናት፣ የሱፐርቫይዘሩ ልጅ። ትንሽ ቆሜ አየኋት። ተነስታ ሰሌዳው ላይ "ሰ" ጻፈች፤ ልክ ነበረች። ልጅቷ ምን አደረገች? ምንም። ግን በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

መምህርቷ ወጣች። ወረቀቱ ስፈርም ባዶ እንደነበር ነገርኳት።

"ፊርማው የርስዎ ነው፤ ያስተማርኩት እጅ አይጠፋኝም" አለችኝ።

"የኔ ነው፣ ልጄ።"

"ባዶ ወረቀት ላይ ግን አላስተማርኩዎትም።"

እንድትመለስም አልለመንኳት፤ ደብዳቤ ደብዳቤ ነው። ቤተሰቦችሽ እንዳይቀየሙኝ እንዲህ ሆኖ ነው ብለሽ ንገሪልኝ ብቻ አልኳት። ወደ ልጆቹ ተመልሳ ገባች።

ሱፐርቫይዘሩ ያስተማረኝን አመራር አልጣልኩትም። ቃሉ እውነት ነበር፤ የተናገረው አፍ ነው የከዳው። እኔም ብሆን ከመፈረሜ በፊት መስማት ነበረብኝ።

ባለፈው ወር እንደገና ሰበሰበን። ወረቀቱ ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ይጻፍ አልኩ። ሰዎቹ ከብት አለን፣ መሸብን እያሉ አጉረመረሙ። ተጽፎ መጣልኝ። ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ አንድ ሰው አንቀላፋ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ፣ በመምህር እጥረት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል አንድ ላይ እንዲማሩ ኮሚቴው ተስማምቷል ይላል።

ጮክ ብዬ ደገምኩላቸው። ያንቀላፋው ነቃ። "መቼ ተስማማን?" አለ።

ሱፐርቫይዘሩ መሬት መሬት አየ። ወረቀቱን መለስኩለት። ለአንደኛ ክፍል መምህር ሲመጣ ና፣ ያኔ እፈርማለሁ አልኩት። ሌሎቹም ስክሪብቶውን ሳይነኩት አሳለፉት። መምህር ግን እስካሁን አልመጣም። ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ። ልጆቹን በረድፍ አስቀምጣለሁ፤ ጋቢዬን አውልቄ ከፊታቸው እቀመጣለሁ፤ ጀርባዬ ላይ የጻፉልኝን ሰሌዳው ላይ አወጣለሁ፤ የማውቃትን ፊደል ያህል።