ከመዝገቡ የጠፋው የክርስትና ስም

አስፋው በስደት አገሩ ስድስት ቀን ካልቨር ሲቲ ውስጥ የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት የሰው መኪና ሲያቆም ይውላል፤ እሑድ ግን ሊቅ ነው። ከፌርፋክስ ሰፈር ጥቂት ወጣ ብላ በኪራይ አዳራሽ የምትገለገል ቤተ ክርስቲያን አለች፤ የምእመናኗን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ያሰፈረው እሱ ነው። ኮሌጅ ገብቶ ሁለት ዓመት ዳታቤዝ፣ የኮምፒውተር መዝገብ አያያዝ፣ ተምሯል፤ በተማረው የሚቀጥረው ግን አላገኘም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን «አስፋው፣ እስቲ ና» እየተባለ የሚጠራባት የጽሕፈት ቤቷ ጥግ ክብሩ ነበረች።

መዝገቡ ውስጥ ከስልክና ከአድራሻ በላይ የሚከበር ነገር አለ፤ የክርስትና ስም። ሰው ሲጠመቅ የሚሰጠውን ይህን ስም ጎረቤት አያውቀውም፤ አንዳንዴ ሚስትም አታውቀውም። በሞተ ቀን ግን ካህኑ ፍትሐት የሚያደርሱለት በዚያ ስም ነው። ብቻውን ለሚኖር ስደተኛ ደግሞ ስሙን የሚይዝለት ያ መዝገብ ብቻ ነው። አስፋው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ቢሆንም የወረቀቱን ቅጽ ያስቀረው እሱ ራሱ ነው። «ወረቀት ምን ያደርግልናል? በቀጥታ እናስገባው» አለ፤ ቀረ።

በፈረንጆቹ 2017 ሐምሌ ውስጥ ምዝገባ ላይ የሚቀመጡት እትዬ ሰርካዲስ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ይኼ ነገር በጣም ስሎው ሆኗል። አንድ ሰው ሰርች አድርጌ እስኪመጣ ቅዳሴው ያልቃል!» አሉት። እውነታቸውን ነበር። መዝገቡ ማውጫ እንደሌለው መጽሐፍ አንድ ስም ሲጠየቅ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይገላበጥ ነበር። አስፋው በስምና በስልክ ቁጥር ማውጫ ሠራለት፤ ፍለጋው ፈጠነ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ የሚወራ ታሪክም አይኖር ነበር።

አላቆመም። ምስጋና የቀመሰ ሰው መቼ ይጠግባል? አዲስ ሰው ሲመዘገብ ሦስት አራት ሰከንድ መጠበቁ አናደደው። ዳታቤዙ የተነገረውን ዲስክ ላይ በትክክል ማስፈሩን ሳያረጋግጥ «ጨርሻለሁ» አይልም፤ አስፋው ያን ጥንቃቄ አጠፋው። መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጠውንም ሥራ «እሑድ እሑድ ያንቀራፍፈዋል» ብሎ አስቆመው። ሌላ ቀን እንዲሠራ እመልሰዋለሁ አለ፤ ረሳው። በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም ነገር መብረቅ ሆነ። ቀሲስ ቀለመወርቅ ከቅዳሴ በኋላ በስሙ ጠርተው አመሰገኑት፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እልልም ተባለ። ያን ቀን አስፋው ቁመቱ የጨመረ መስሎት ነበር።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መስከረም ላይ ሙቀቱ ከተማውን ሲቀቅለው መብራት ድርግም አለ፤ እትዬ ሰርካዲስ በዚያች ቅጽበት አንድ ሕፃን እየመዘገቡ ነበር። መብራቱ ሲመለስ መዝገቡ አልከፈትም አለ። አስፋው ሁለት ቀን ከሥራ ቀርቶ ታገለው። ዳታቤዙን የተበላሸውን እየዘለለ በግድ እንዲነሣ አደረገው፤ የሚነበበውን ገጽ ሁሉ አወጣ፤ የማይነበበውን ሥራውን ከማስቆሙ በፊት ሐምሌ ላይ ከተቀመጠችው የመጨረሻ ቅጂ ሞላ። ከዚያ ወዲህ ከተመዘገቡት ግን ሠላሳ አንድ ሰዎች የተበላሸው ገጽ ላይ ወድቀው ነበር። ስማቸውና ስልካቸው በማውጫው ላይ ተገኘ፤ ሌላው ሁሉ ባዶ ነው።

«ተረፈልን ወይ?» ብለው ቀሲስ ሲጠይቁት፣ «ሁሉም ተመልሷል፣ ቀሲስ» አለ። ጭብጨባው ትዝ ብሎት ከውርደቱ ውሸቱ ቀለለው። ከዚያ «መረጃ አፕዴት እያደረግን ነው» እያለ ለሠላሳ አንዱም ደወለ። ሠላሳው ነገሩት። ስልኩን ያላነሱት ፓልምስ ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩት ባለ ታክሲው ጋሼ ዓለምሰገድ ብቻ ነበሩ። እሑድ እጠይቃቸዋለሁ አለ። እሑድ መጡም፤ ግን ከእትዬ ሰርካዲስ ጋር ቆመው ሲጫወቱ አያቸውና ነገሩ እንዳይወጣበት ፈርቶ ለሚቀጥለው አለ። ሐሙስ ዕለት ጋሼ ዓለምሰገድ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ቀሲስ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገቡ። ባለ ታክሲ ጓደኞቻቸው በሩን ሞልተው ቆመዋል። ዘመዳቸውን የሚያውቅ የለም፤ የሟቹ ስልክም ተቆልፎ አልከፈት ብሏል።

«አስፋው፣ የክርስትና ስማቸውን አውጣልኝ» አሉ ቀሲስ።

ያን ስም ነሐሴ ላይ የጻፈው አስፋው ራሱ ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በጆሮው ነው የነገሩት። አሁን ግን ቢያስብ ቢያሰላስል አልመጣልህ አለው። ጠፍቷል ቢል ውሸቱ ሁሉ ይወጣል። ስም ልፍጠር ቢል በሬሳ ላይ መቀለድ ሆነበት። ባዶው ቦታ ላይ የራሱን የክርስትና ስም ጻፈ። የንስሐ አባቱ ሌላ ካህን ስለሆኑ ቀሲስ አያውቁትም፤ ደግሞስ የተጠመቀ ሰው ስም አይደለም ወይ ብሎ ራሱን አታለለ።

«ወልደ ሰንበት ነው የሚለው» አለ።

በፍትሐቱ ላይ «ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሰንበት» በተባለ ቁጥር የሚጠራው ራሱ አስፋው ነበር። በቁሙ የተፈታ ሰው ሆነ። ከዚያ የባሰበት ግን ሣጥኑ ነው፤ ውስጡ የተኙት ሰውዬ ሳይጠሩ እየሄዱ ነው፣ ይህንንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በማግስቱ ያጠፋውን ጥንቃቄ መለሰ፤ ቅጂው በየቀኑ እንዲቀመጥ አደረገ፤ የወረቀት ቅጹንም አስመለሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ስሙን ግን እንዳለ ተወው።

ጓደኞቻቸው በፌስቡክ ሲፈላልጉ የጋሼ ዓለምሰገድን እህት እትዬ ፀዳለን ቶሮንቶ አገኟቸው። ቪዛው ዘግይቶባቸው ለአርባው ሳምንት ሲቀር ደረሱ። ጥቁር እንደለበሱ ምዝገባው ጠረጴዛ ፊት ተቀመጡና ከቦርሳቸው አንዲት ወረቀት አወጡ።

«የአርባውን ጸሎት ላስመዝግብ ብዬ ነው። የክርስትና ስሙን ጽፌዋለሁ፤ ገብረ ኪዳን።»

እትዬ ሰርካዲስ ኮምፒውተሩን አዩ። «እዚህ ወልደ ሰንበት ነው የሚለው፣ የኔ እመቤት።»

አስፋው አጠገባቸው ቆሞ ነበር። እትዬ ፀዳለ ወረቀቷን አተኩረው አዩ።

«እናቴ ገብረ ኪዳን ስትል የሰማሁ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «ልጅ ነበርኩ እንግዲህ፤ ስንት ዘመን ሆነው። ተሳስቼ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ያለው ይሻላል።» እስክሪብቶ ለመኑና ገብረ ኪዳን የሚለው ላይ መስመር ማስመር ጀመሩ።

አስፋው ወረቀቷን በእጁ ሸፈነ። የወንድማቸውን ስም ማጥፋቱ ሳያንስ የእናታቸውን ድምፅ ሊያስክዳቸው ነው።

«እትዬ፣ አይሰርዙት» አለ። «ኮምፒውተሩ አያውቅም። የጋሼን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወልደ ሰንበት የእኔ ስም ነው።»

እትዬ ሰርካዲስ አፋቸውን ያዙ። እትዬ ፀዳለ እስክሪብቶውን እንደያዙ ቀና አሉ። ይጮኹብኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ቢጮኹበት በወደደ ነበር።

«ፍትሐቱስ?» አሉት ዝግ ብለው። «እዚያ ወንድሜ በስሙ አልተጠራም?»

«አልተጠሩም።»

«አንዴም?»

«አንዴም» አለ አስፋው።