መንገዱ የማይታይበት ጨዋታ

ሰይድ የደወለልኝ ባለፈው ኅዳር አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ደሴ ካለው ቤቴ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ልወጣ ጫማዬን ሳስር ነው። የሐይቅ ልጅ ነው፤ የወጣትነት ጓደኛዬ። አሁን እዚያው ሐይቅ ከተማ ዋናው መንገድ ዳር የኮምፒውተርና የሞባይል መጠገኛ ከፍቷል።

«ያ የድሮው የመኪና ጨዋታ ትዝ ይልሃል? አዲስ ኮምፒውተር ላይ ጭኜው እንቢ አለኝ። ዛሬውኑ ና» አለኝ።

ሰይድ ያንን ጨዋታ በአፉ ካነሳው ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። በዓል ሲሆን እንጠያየቃለን፤ ሠርግም ለቅሶም አንቀርም፤ ያ ጨዋታ ግን በመካከላችን የማይነሣ ነገር ነበር። ክፍል አለኝ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ርእሰ መምህሩን አስፈቀድኩና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቦሩ ሜዳን ስናልፍ የታጨደው እህል በየማሳው ተከምሯል፤ አየሩ ገለባ ገለባ ይሸታል። ይህን መንገድ ከሁለት ሳምንት በፊት እናቴን ልጠይቅ ወደ አምባሰል ስሄድ አልፌበታለሁ። ያን ሐሙስ ግን ሐሳቤ እናቴ ዘንድ አልነበረም። ሐሳቤ ይማም ዘንድ ነበር።

ይማም የሰይድ ታላቅ ወንድም ነው። ያን ጊዜ እኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ውስጥ ካለው መንደራችን ወርጄ ሐይቅ ውስጥ በአንድ የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬያለሁ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የሠርግ ጥሪ አዘጋጃለሁ፤ ባለቤቱ ወጣ ሲል ደግሞ ከሰይድና ከይማም ጋር የመኪና ውድድር እጫወታለሁ። ሲዲውን ከደሴ ያመጣው ይማም ነው። ሲነዳ ዝም አይልም። «ባቲን አለፍኩ! ሚሌ ገባሁ! ውሃ አምጡልኝ፣ በረሃ ነው!» እያለ በሳቅ ይገድለናል። ማን ያውቃል፣ ያኔም ልቡ እዚያ ነበር መሰለኝ። አንድ ቀን እውነትም በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ሄደ፤ ባሕሩን ተሻገረና ጂዳ ገብቶ የሕንፃ ሥራ ያዘ።

በሦስተኛው ዓመት «ለአረፋ እመጣለሁ» የሚል ወሬ ላከ። እሱ ከመምጣቱም በፊት ከጂዳ በሚመለስ ሰው እጅ አዲስ ኮምፒውተር ላከልን። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሐይቅ ውስጥ እንደዚያ ያለ ማሽን ታይቶ አያውቅም። ሰይድ እቤታቸው መብራቱ እየዘለለ ያቃጥልብኛል ብሎ ፈርቶ እኔ የምሠራበት ቤት አስቀመጠው። መጀመሪያ የጫንነው ያንኑ ጨዋታ ነው።

ጨዋታው ተነሣ። ሙዚቃው ጮኸ። ተራራው አለ፣ ዛፉ አለ፣ መኪናዋም አለች፤ መንገዱ ግን የለም። መንገዱ በነበረበት ቦታ ድፍን ጥቁር ነው። ጨዋታው ለድሮ ማሽን የተሠራ ነው፤ ሥዕሉን የሚያወጣው አዲሱ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ያንን የድሮ አሠራር አያውቀውም። ዛሬ ቢሆን አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ጽፎት ታገኘዋለህ፤ ያኔ ግን ማንን ትጠይቃለህ? ሦስት ቀን ታገልን። ሰይድ እንቅልፍ አጣ። «ይማም ለአረፋ መጥቶ ሲቀመጥ መንገዱን ማየት አለበት፤ የላከልኝን ዕቃ አበላሽቼ አልጠብቀውም» ይላል። አረፋ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ እንድሪስ ገቡ። የሰይድ አጎት ናቸው፤ እህል ነጋዴ፤ ስልክ ያለው በእሳቸው ሱቅ ስለሆነ ይማም የሚደውለውም እዚያ ነው። ለሰይድ ፈገግ ብለው፣ «ይህን ኮፒ አድርግልኝ» ብለው አንድ ወረቀት ሰጡኝ። አየሁት፤ ምንም አልተጻፈበትም። ቀና ስል ዓይናቸው ወደ ጓዳ አመለከተኝ። ፎቶ ኮፒው ያለው ጓዳ ነው።

«ማሽኑን አስጩኸው» አሉኝ በሹክሹክታ። አስጮኽኩት። «ይማም ሞቷል። ትናንት ከሕንፃ ላይ ወደቀ። አሁን ከጂዳ ደውለው ነገሩኝ።»

ባዶው ወረቀት ገብቶ ባዶ ወረቀት ወጣ። ደግሜ ተጫንኩት።

«እናቱ ውጫሌ አራስ ጥየቃ ሄዳለች» አሉ። «ወንድሞቿ አንድ ምክንያት ሰጥተው ይዘዋት እንዲመጡ ሰው ልከናል። መርዶ በማለዳ ነበር ወጉ፤ ይህ ግን እስከ ነገ ተደብቆ አያድርም። ከዐስር ሶላት በኋላ እናትና ልጅን ባንድ ጣራ ሥር እንነግራቸዋለን፤ የቅሬው ዳኛም ይህን ብለዋል። ሰይድ አሁን ከሰማ እሪታው እሷን መንገድ ላይ ያገኛታል። እስከዚያ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ።»

«እንዴት አድርጌ ጋሼ?»

«በዚሁ በጨዋታችሁ። አደራህን!»

ቅሬ ማለት እኛ ወሎዎች ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል ሟቻችንን አብረን የምንቀብርበት፣ ሐዘንተኛችንን አብረን የምንደግፍበት ማኅበር ነው። የቅሬ ዳኛ ቃል አይታለፍም። ባዶዎቹን ወረቀቶች ጠቅልዬ ሰጠኋቸውና ወደ ሰይድ ተመለስኩ።

«ምነው ፊትህ?» አለኝ።

«ራሴን አሞኛል።»

«አብሽር፣ ዛሬ ይሠራል። ወላሂ ዛሬ ይሠራል! መንገዷ ብቅ ካለች ሮጬ ጋሽ እንድሪስ ሱቅ ነው የምሄደው። ሥራ ላይም ቢሆን ያስጠሩልኛል፤ ባቲን አለፍን ብዬ ነው የምነግረው።»

እንግዲህ አስቡት። ጋሽ እንድሪስ ሱቅ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። ጨዋታው ከሠራ ሰይድ ይሮጣል።

እኩለ ቀን ላይ «ዓሣ ላምጣ፣ በባዶ ሆድ አይሆንም» አለ። ዓሣ የሚጠበስበት ቤት ከእኛ ሦስተኛው በር ነው፤ በደጃፉ ቆሜ እስኪመለስ በዓይኔ ልጠብቀው እችል ነበር። እኔ ግን እጄ አላርፍ አለኝ። አሮጌ ጨዋታ ሲነሣ ማሽኑ ራሱን አሮጌ ነኝ እንዲል የሚያደርግ አንድ አማራጭ አለ፤ አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው። የግራፊክስ ካርዱንም ጉልበት ዝቅ የሚያደርግ ሌላ አለ። እያንዳንዱን ለየብቻው ሞክረነው ነበር፤ አንድ ላይ ግን አልሞከርንም። ሞከርኩ። መንገዱ ወጣ። ግራጫ መንገድ፣ መካከሉ ላይ ነጩ መስመር፤ ልክ ይማም ሲነዳበት እንደነበረው።

«ሰይዶ!» ብዬ ተነሣሁ። እንደቆምኩ ትዝ አለኝ። ከውጭ የሰይድን ሳቅ ሰማሁ፤ ከዓሣ ሻጯ ጋር እየተቀላለደ እየመጣ ነው። ጨዋታውን ዘጋሁ፤ ምልክቷን አጠፋሁ፤ ካርዱን እንደነበረ መለስኩ።

ዓሣው የሐይቁ ነው፤ ዱቄት ነክቶት የተጠበሰ፣ በአዋዜ። ዓሣ አይታረድም፤ ቢስሚላህም በስመ አብም አይጠየቅበትም። ስለዚህ እኔና ሰይድ ከአንድ ሳህን የምንበላው ሥጋ እሱ ብቻ ነበር። ያን ቀን አንዱ ጉርሻ እንኳ አልወርድ አለኝ። ሰይድ እሾሁን እየለቀመ የኔን ድርሻ ወደኔ ገፋ፤ እኔ ወደሱ መለስኩ። «በል እንጂ፣ ጾመኛ ሆንክ እንዴ?» ይለኛል፣ የገና በዓል ባለፈ በሳምንቱ። እየሳቀ ነበር። እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሰይድ ራሱ እየፈለገ ያቺው ሳጥን ላይ ደረሰ። ካርዱንም ቀድሞ ዝቅ አድርጎት ነበር። ጣቱ ማውሱ ላይ ነው። «ይቺንስ?» አለኝ።

«እሷን አሁን ዓሣ ልትገዛ ስትወጣ ሞክሬያታለሁ። አትሠራም» አልኩት።

አመነኝ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ውሸት ተናግሬ ጓደኛዬ አጠገብ ተቀመጥኩ።

የከሰዓቱን የዐስር ሶላት እዚያው ጥግ ላይ ሰገደ። ሲጨርስ ፊቱን ወደ ቀኝ አዞረ፤ ከዚያ ወደ ግራ አዞረ። በግራው በኩል በሩ ነው። በሩ ላይ ጋሽ እንድሪስ፣ የቅሬው ዳኛና የሰፈሩ ቄስ ቆመዋል። ሦስቱም ራሳቸውን ተከናንበዋል።

«ማነው?» አለ ሰይድ ከተቀመጠበት ሳይነሣ።

«ቤት እንሂድ ልጄ» አሉት ቄሱ።

«ይማም ነው?»

ሰይድ ወደ እነሱ ሳይሆን ወደኔ ዞረ። አቀረቀርኩ። ያን ጊዜ ገባው። ደግፈው ሲያወጡት ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ነበር፤ መኪናዋ ጥቁሩ ላይ ቆማለች። ብዙም ሳይቆይ የእናቱ እሪታ ከወደ ቤታቸው ተሰማ። እኔ ከወንበሬ መነሣት አልቻልኩም፤ ለቅሶ ቤት የደረስኩት ከሁሉ ኋላ ነው።

ከሳምንት በላይ ቆይቶ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣ። ከስቷል። ደስ ይለው መስሎኝ፣ እኔ ቂል፣ ጨዋታውን ከነመንገዱ ከፈትኩለት። መንገዱን አየ። ከዚያ ማውሱን ይዞ ሄዶ ሳጥኗን አየ።

«ይቺን አትሠራም አላልከኝም?»

«ሰይድ...»

«ስስቅ እያየኸኝ? ወንድሜ ሞቶ እኔ ዓሣ ስበላ እያየኸኝ?»

አደራ ነው ልለው አፌን ስከፍት ተነሣ። ሲዲውን አወጣና ሄደ። ሁለት ዓመት አላናገረኝም። በኋላ የአባቴ ለቅሶ አገናኘን፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም ነን። ስለዚያ ቀን ግን እሱም አላነሣ፣ እኔም አልደፈርኩ።

እንግዲህ ባለፈው ኅዳር ሐይቅ ስወርድ ሆዴ ውስጥ የነበረው ይህ ነው። ይቅር ሊለኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሊወቅሰኝም ይሆናል። ሰይድ በሩ ላይ ጠብቆ አቀፈኝ፤ ከወትሮው ረዘም አድርጎ አቀፈኝ። ኮምፒውተሩ አዲስ ነው፣ ካርዱ የዘመኑ። ያው ሲዲ፣ ያው ተራራ፤ መንገዱም ያው ጥቁር። መነጽሬን አድርጌ ጀመርኩ። «ስልክህን ስጠኝ ቻርጅ ላድርግልህ» አለኝና ወሰደው። ወዲያው እንዳጠፋው አላየሁም።

ያቺ ሳጥን ዛሬም አለች። ምልክት አደረግኩባት፤ ሌላም ሌላም አስተካክዬ «እስቲ አሁን እናያለን» ብዬ እጄን ልታጠብ ወጣሁ፤ ዓሣ አዝዞ ነበርና። ስመለስ መንገዱ የለም። ሳጥኗን አየኋት። ምልክቷ ጠፍቷል።

ዓሣው መጣ። ሰይድ እሾሁን እየለቀመ ወደኔ ይገፋል፤ እሱ አንዱን እንኳ ወደ አፉ አላደረገም። ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑን ሰበረ።

የያዝኩትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለስኩ። ሐይቅ ከደሴ ወደ ውጫሌ መሄጃ ነው። አምባሰል ያለችኝ አንዲት እናቴ ናት።

ማነው ብል ይነግረኝ ነበር፤ ሰይድ እንደኔ ዋሽቶ አይዘልቅም። አልጠየቅኩም። ሳልጠይቅ እስከቆየሁ ድረስ እናቴ መንደራችን ውስጥ ማሽላዋን እያሰጣች ነው። እጄን ጠርጌ ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ።

«ይሄ ነገር እኮ እንቢ አለን ሰይዶ» አልኩት።

«አብሽር» አለኝ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ቀስ ብለን ይሠራል።»

ያቺን ሳጥን አልነካኋትም። እሱም አልነካትም። ሁለት ሽበታም ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠን መኪናዋን ጥቁሩ ላይ ስንነዳ ዋልን። የዐስር አዛን ተሰማ። እህቴን ከአዲስ አበባ ያመጣት መኪና በር ላይ ቆመ፤ ሐይቅ ወርደው ሲጠብቋት የነበሩት የመንደራችን ሽማግሌዎችም ከእሷ ጋር ገቡ።

በዚያው መኪና ወደ ውጫሌ ስንወጣ ሰይድ ከጎኔ ነበር። ካለቀስኩ በኋላ፣ እጄን ይዞ ሃያ ዓመት ያላለኝን አለኝ። «ያን ቀን እስከ ዐስር ድረስ ወንድም ነበረኝ። ያንተ ሥራ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ለእናትህም እንደዚያ ላድርግልህ ብዬ ነው፤ ሌላ የማውቀው የለኝም።»

የእናቴ አርባ ባለፈው ሳምንት ወጣ። ሰይድ ከሐይቅ ቅሬ ሰዎች ጋር መጥቶ ሲሄድ ሲዲውን በእጄ አስያዘኝ። እነሆ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ትናንት ቤቴ ባለው ኮምፒውተር ላይ ጫንኩትና ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረግኩ፤ መንገዱም ወጣ። ጥቂት ነድቼ አቆምኩት። የዋሸሁት ውሸት ኃጢአት ነበር ወይ ብዬ የንስሐ አባቴን ልጠይቅ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። አሁን የምጠይቃቸው አይመስለኝም። እናቴ ያረፈችው ሐሙስ ንጋት ላይ ነው ይሉኛል፤ ለእኔ ግን እስከ ዐስር ድረስ ነበረች።